የዲትሮይት ጡረተኞች ነገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ከተሞች ኪሳራ ስትጽፉ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለችውን ዲትሮይትን አትርሱብኝ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሸክማ ኪሳራ ለማወጅ ፍርድ ቤት ገባች። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አይቀነስም ይላል፤ ዳኛ ስቲቨን ሮድስ ግን የፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ ይበልጣል፣ ጡረታም እንደማንኛውም ውል ሊነካ ይችላል ብለው ወሰኑ። በቃ! ዕድሜ ልካቸውን ከተማዋን ያገለገሉ ተራ ሠራተኞች ከጡረታቸው 4.5 በመቶ ተቆረጠባቸው፣ ለኑሮ ውድነት በየዓመቱ የሚጨመርላቸውም ቀረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ጡረታ እኮ ችሮታ አይደለም፣ ሰው ሠርቶ ያቆየው ደመወዝ ነው። ግዛቱና በጎ አድራጊ ድርጅቶች ገንዘብ ባያዋጡ ኖሮማ ቅነሳው ይብስ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ሕጉን አስተካክሎ ጡረተኛውን ከአበዳሪዎች ሁሉ ያስቀድም።

አንባቢያችሁ፣ ከሚሺጋን