ጉዳዩ፦ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ስለተወሰድንበት የቅዱስ ጎቫን ጉዞ

ለጉዞ ድርጅቱ ኃላፊ
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ረቡዕ ዌልስ ወዳለችው የቅዱስ ጎቫን ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጃችሁት ጉዞ ከእናቴ ጋር ሄጄ ነበር። ለሁለታችን 130 ፓውንድ ከፍለናል። ንዴቴ ሲበርድልኝ ልጻፍ ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። አልበረደልኝም።

ማስታወቂያችሁ «የባሕር ገደል ላይ ያለ የባሕታዊ ዋሻ፣ እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ፈዋሽ ጠበል፣ ለአረጋውያን የሚመች መንገድ» ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡ የ71 ዓመት ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማስታወቂያውን ያነበብኩላቸው ዕለት ማታ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አጥበው በሩ ሥር አስቀመጡ።

ጉዞው መጀመሪያ ለቅዳሜ ነበር። ኋላ አውቶቡስ በሥራ ቀን ይረክሳል ብላችሁ ወደ ረቡዕ አዛወራችሁት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የቅዱስ ጎቫን ገደል ያለው ካስልማርቲን የሚባለው የጦር መለማመጃ ውስጥ ነው። 2400 ሄክታር ገደማ ቦታ ነው፣ ታንክ የሚተኮስበት። ሚስጥርም አይደለም፤ ከ1961 እስከ 1996 ጀርመኖች ሳይቀሩ ታንካቸውን ይዘው እየመጡ ተለማምደውበታል። ተኩስ ባለ ቀን ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መንገዱ ይዘጋል። ቅዳሜና እሁድ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። የተኩሱ ፕሮግራምም አስቀድሞ ይወጣል። ስልክ አውጥቶ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከለንደን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ቦሸርስተን የምትባለዋ መንደር ስንደርስ ባንዲራው ተሰቅሏል፣ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው እስከ 10 ሰዓት ተኩል አይከፈትም አለን። አስጎብኚያችሁ «እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ። አምስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልን። መንደሯ ጥሩ ነች፣ የውሃ አበባ የሞላበት ሐይቅ አላት፤ ግን ለሐይቅ አልነበረም የከፈልነው። የመጀመሪያው ታንክ ሲተኩስ እናቴ ሻያቸው ላያቸው ላይ ፈሰሰ። «በስመ አብ! ደርግ እዚህ ነው እንዴ የመጣው?» አሉ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የዶሮ ሳንድዊቹን ነገር ብዙም አላነሳም። ረቡዕን የመረጣችሁት ግን እናንተው ናችሁ።

በሩ ሲከፈት አስጎብኚው «ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ሾፌሩ ሰዓት አለው» አለ። «የሚመች መንገድ» የተባለው በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ የሚወርድ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ነው። የሰው እግር ለዘመናት ስለረገጠው መሐል መሐሉ ጎድጉዷል፣ ያንሸራትታል። እናቴ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ በሌላው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ወረዱ። ኋላ እንደነገሩኝ ደረጃውን ነበር የሚቆጥሩት። ስንወጣም ቆጠሩ። በሦስት ተለያየባቸው። ይህን ደረጃ ወርዶ የቆጠረና ወጥቶ የቆጠረ ሰው ቁጥሩ አይገጥምለትም የሚል የአገሬው አፈ ታሪክ እንዳለ ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። አስጎብኚያችሁ ይህን አልነገረንም።

ቤተ ክርስቲያኗም ከአለት የተፈለፈለች አይደለችም። ግንበኛ በድንጋይ ገንብቶ በሁለት ገደል መካከል የሸጎጣት ከአንድ ሳሎን የማትበልጥ ቤት ነች። አብዛኛው ግንብ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው ይባላል። በጣም ታምራለች። ላሊበላ ናት ማለት ምን አስፈለገ?

ጠበሉ ደግሞ ደርቋል። ዛሬ አይደለም የደረቀው፣ ድሮ ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ በታች፣ ወደ ባሕሩ በኩል፣ ትንሽ የድንጋይ ክዳን ያላት ጉድጓድ አለች። እናቴ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ሲያወጡት አቧራ ነው። «ልጄ፣ ጠበሉ የታለ?» ብለው ሲጠይቁት አስጎብኚያችሁ «እማማ፣ ክረምት ላይ ይኖር ይሆናል» አላቸው። ሁለቱን ሃይላንድ ባዶውን ይዘን ተመለስን።

እኔን ይበልጥ የቆጨኝ ግን ያልተነገረን ነገር ነው። ጎቫን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድ የመጣ መነኩሴ ነው ይባላል። የባሕር ወንበዴዎች ሲያሳድዱት አለቱ ተከፍቶ ሸሸገው፣ እስኪሄዱም ድረስ ተዘግቶበት ቆየ። ዛሬም እዚያች ስንጥቅ ውስጥ የጎድን አጥንቱ ምልክት ነው የሚሉትን ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ እዚያው መንኖ ኖረ። የብር ደወል ነበረችው፤ ወንበዴዎች ሰረቋት፣ መላእክት መልሰው አመጡና ዳግም እንዳትሰረቅ ድንጋይ ውስጥ ከተቷት። ድንጋዩ ሲመታ ይጮኻል ይባላል። ይህን ማታ ለእናቴ ሳነብላቸው «የድንጋይ ደወል እኮ እኛም ጋ አለ፣ ጣና ገዳማት ሰምቼዋለሁ። ያ ልጅ ቢነግረን ኖሮ ሄጄ አንዴ እመታው ነበር» አሉ። ሃያ አምስቱን ደቂቃ አስጎብኚያችሁ ለቲክቶክ ሲቀርጽ ነው ያሳለፈው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከከፈልነው ግማሹ፣ 65 ፓውንድ፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ይመለስልን። ጠበልና «ለአረጋውያን የሚመች» የሚለው ከማስታወቂያው ይውጣ፤ ትናንት ሳየው አሁንም እንዳለ ነው። ለሚቀጥለው ጉዞም የተኩሱን ፕሮግራም አይታችሁ ቀን ቁረጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናቴ ነጠላ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው፣ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ደውዬ ስልክ አላነሳችሁም። ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉና እባካችሁ ከዚያ በፊት ፈልጉልን።

ከሰላምታ ጋር
ከረቡዕ ተጓዦች አንዷ