የቀኝ ክንዱን ዳግም ለመሙላት፦ ለአዳማ ካቶሊክ ምእመናንና ወዳጆች የድጋፍ ጥሪ

ውድ ምእመናን፣ በአዳማም ከአዳማ ውጭም ያላችሁ ወገኖቻችን፣

የክርስቶስ ሐውልታችን ቀኝ ክንድ በክረምቱ ተበላሽቷል። አርማታው ገና ሳይጠነክር ክንዱን ደግፈው የያዙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች የቆሙበት አፈር በዝናብ ርሶ ሰመጠ፤ ክንዱ ዘመመ፣ ትከሻው ላይ ከላይ በኩል ተሰነጠቀ። ለስኖ መሸፈን አይቻልም። የተዘረጋ ክንድ ክብደቱን የሚሸከመው በላይኛው ፌሮ ነው፤ በስንጥቁ ውሃ ከገባ ፌሮው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱንም ይፈነቅላል። ስለዚህ እስከ ትከሻው ፈርሶ እንደ አዲስ ይሞላል።

«የሰጠነው የት ገባ?» ለምትሉ፣ አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። የተዘረጉ ክንዶች ነፋሱን ሲይዙ ሐውልቱን ሊገለብጡት ይገፉታል፤ የሚይዘው የመሠረቱ ስፋትና ክብደት ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ከተማውን ሲያናውጥ መሠረቱ ምንም አልሆነም። በዚያ ወጪ አናፍርም።

በብራዚል ያለው የሪዮ ዴ ጄኔሮው የክርስቶስ ሐውልት ቁመቱ 30 ሜትር፣ የክንዶቹ ስፋት 28 ሜትር ነው። ሄይቶር ዳ ሲልቫ ኮስታ ነደፈው፣ ፖል ላንዶውስኪ ቀረጸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ተመረቀ። ገንዘቡ ከምእመናን መዋጮ ነበር። ላዩን የሚሸፍኑትን ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የሳሙና ድንጋዮች ጨርቅ ላይ የለጠፉ ሴቶች በድንጋዮቹ ጀርባ የወዳጆቻቸውን ስም ይጽፉ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2014 መብረቅ የሐውልቱን አውራ ጣት ሰብሮታል፤ የእኛ በጀት የመብረቅ መከላከያ የያዘውም ለዚህ ነው፣ ቅንጦት አይደለም።

አሁን የሚያስፈልገን ፌሮ፣ ሲሚንቶና የብረት ቋሚ ኪራይ ነው። ቋሚዎቹ ኮንክሪት ላይ እንጂ አፈር ላይ አይቆሙም። በሙሌት ጊዜ መረማመጃ ጣውላ ይዘረጋል፤ የላይኛው ፌሮ ከተረገጠ ዝቅ ብሎ ክንዱ አቅም ያጣልና። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፤ 28 ቀን ሳይሞላ ቋሚ አይነካም፣ ሲነሳም ከጣቶቹ ጫፍ ወደ ትከሻው ነው።

መዋጮው ቆሟል፣ እኛም ደክመናል፤ ሥራው ግን የእግዚአብሔር ነው። «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና» (2ኛ ቆሮ. 9፥7)።

ገንዘብ የሚገባው በቁምስናው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ምክንያቱ ላይ «ክንድ» ብላችሁ ጻፉ። በጥሬው የምትሰጡ ከጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ሲሚንቶ በዓይነት የምትሰጡ በሙሌቱ ሳምንት አምጡልን፤ ቀድሞ ከመጣ እርጥበት ይዞ ይጓጉላል። ደግመን እንላለን፦ በቁምስናው ሒሳብ ብቻ፣ በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም ሒሳብ አትላኩ፣ «ክንድ» የሚለውንም አትርሱ።

የሐውልት አሠሪ ኮሚቴ፣ አዳማ