የእገሌ ሚስት

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? እኔ ከቦስተን ብርድ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የምንከባከባቸውን ሴትዮ ሰሞኑን የዘር ቆጠራ ይዟቸዋል። በ1620 ሜይፍላወር በሚባል መርከብ ከእንግሊዝ ከመጡት 102 ተሳፋሪዎች የአንዱ ዘር ነኝ ይላሉ። ሰውየው ጆን ሃውላንድ ይባላል። ትልቅ ጌታ እንዳይመስልሽ፤ የሰው አገልጋይ ሆኖ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ማዕበል ባሕር ውስጥ ወርውሮት፣ ከመርከቡ የተንጠለጠለ ገመድ ይዞ ተረፈ። ግማሽ ያህሉ ሰው የመጀመሪያውን ብርድ ሳይሻገር አለቀ። እሱ ግን አግብቶ 10 ልጅ ወለደ። ሴትዮዋ ስለዚያ ገመድ ሲያወሩ ራሳቸው የያዙት ነው የሚመስሉት።

የሰፈሩበት ቦታ ፓቱክሴት የሚባል፣ ዋምፓኖአግ የተባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች መንደር ነበር። ነዋሪዎቹን ትንሽ ቀደም ብሎ ወረርሽኝ ፈጅቷቸዋል። ዋምፓኖአጎች ዛሬም አሉ፤ ከሴትዮዋ አፍ ስማቸውን የሰማሁት ግን እኔው ጠይቄ ነው።

የሜይፍላወር ዘሮች ማኅበር ደግሞ በቃል አያምንም። ለየትውልዱ የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ማስረጃ አምጡ ይላል። እሳቸው አንዲት ሴት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቅዳሜ መቃብሯ ድረስ ወሰድኳቸው። ድንጋዩ ላይ ክንፍ ያለው የራስ ቅል ተቀርጿል፣ ጽሑፉ ግን ተፍቋል። በእጅ መስታወቴ ፀሐይዋን ከጎን ሳበራበት ፊደሉ ብቅ አለ። የራሷ ስም፣ ከዚያ «የእገሌ ሚስት»። በቃ። እዚህ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች፤ የአባቷ ቤት እዚያው ይቀራል።

«እናቴ ካገባች ስንት ዘመኗ፣ ዛሬም የምትጠራው በአባቷ ስም ነው» ብላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔም ሞቅ አለኝና፣ እኛ እኮ ሰባት ቤት እንቆጥራለን ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

«እስቲ ቁጠሪ» አሉኝ።

በአባዬ በኩል ሰተት አድርጌ ሰባቱንም ቆጠርኩ። ባንቺ በኩል የአያቴ እናት ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። ስሟን አውቃለሁ። አባቷ ማን ነበር? ኧረ እንዴት እንዳፈርኩ! ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

እሑድ ስደውል እታለም አጠገብሽ ትሁን። እሷ አትስትም። ቀስ ብላ ትንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ። ሴትዮዋ ደብተር ገዝተውልኛል።

ልጅሽ