ጥያቄው ከተሠራው ዕቃ ይነሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በአንባብያን ገጻችሁ ስለ ንባብ ባህል መዳከም በየጊዜው የሚወጡትን አስተያየቶች እከታተላለሁ፤ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹም ለመፍትሔነት የሚያቀርቡት የመጻሕፍት ጥያቄና መልስ ውድድር ማዘጋጀትን ነው። ሐሳቡን አልነቅፍም። ሆኖም ውድድሩ በምን ሥርዓት እንደሚካሄድ ሳይታሰብበት "ይዘጋጅ" ብቻ ቢባል፣ ወደ መጽሐፍ ሊቀርቡ የነበሩ ሰዎችን ይበልጥ ሊያርቅ እንደሚችል በምኖርባት በባሕር ዳር ስላየሁ፣ ለሌሎች ስብስቦች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

እኔ ያለሁበት ስብስብ መጽሐፍንና የእጅ ሥራን አንድ ላይ የያዘ ነው። እያንዳንዱ አባል ካነበበው ወይም ሲነበብ ከሰማው መጽሐፍ ተነሥቶ አንድ ዕቃ ይሠራል። አንዷ በልብ ወለድ ውስጥ ያገኘችውን የሠርግ ቤት እያሰበች በአለላ ሙዳይ ትሰፋለች፤ ሌላው ከጣና ዳር ባመጣው ደንገል የመጽሐፍ ዕልባት ይጎነጉናል፤ ደንገል ከደረቀ በኋላ ሲያጥፉት ስለሚሰነጠቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር እንደሚገባ የነገረንም እርሱ ነው። በመገናኛችን ቀን ዕቃው ሁሉ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደርና አንድ ያመጣ አንድ ይወስዳል። ዋጋ አይተመንም፤ የገንዘብ ነገርም አይነሣም።

ቀደም ሲል በመካከላችን የጥያቄና መልስ ውድድር ተሞክሮ ነበር። አሠራሩ ከትምህርት ቤት የመጣ በመሆኑ ጠያቂው ያነባል፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፣ ነጥቡም ለግሉ ይያዝለታል። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው በሁለት ፈጣን ወጣቶች መካከል ብቻ ቀረ። የቀረው ሰው፣ በተለይም ስፌት ይዘው የመጡት እናቶች፣ ዕቃቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዲት እትዬ የሁለቱ ክርክር ጋብ ሲል "ልጆቼ፣ ፈተናችሁን ስትጨርሱ ቀስቅሱን" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት፤ እኔ ግን ከሳቁ በስተጀርባ ያለውን ቅሬታ ሳልታዘብ አላለፍሁም።

ውድድሩ የግድ የቡድን መሆን አለበት የምለው ከዚህ በመነሣት ነው። በአንድ ቡድን አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል፤ ከስድስት ካለፈ ሁለቱ ይወያያሉ፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ምደባውንም ለአባላት ምርጫ መተው አይገባም፤ መምህር ከመምህር፣ ወዳጅ ከወዳጁ ይሰባሰብና ውጤቱ ጨዋታው ሳይጀመር ይታወቃል። በዕቁብ እንደለመድነው ዕጣ ማውጣት ይሻላል፤ ሆኖም ዕጣው ከሁለት ዕቃ ቢወጣ እመርጣለሁ። በአንደኛው ይበልጥ አንባቢ ነኝ የሚል፣ በሁለተኛው ይበልጥ የእጅ ሠራተኛ ነኝ የሚል ስሙን ጽፎ ያስገባል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቡድን ከሁለቱም ይደርሰዋል። ማን የት እንደሚገባ የሚወስነው ራሱ ባለስሙ እንጂ ሰብሳቢው አይደለም። መልሱም በወረቀት ተጽፎ ለዳኛ ሊሰጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ እጅ ማሽቀዳደሙ ይቀርና አንገት ለአንገት ተያይዞ በሹክሹክታ መመካከር ይመጣል።

እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚገኝ ላሳይ። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ገልጠው ሳያነቡት በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ሰምተው የሚያውቁት ሰዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። በዛብህ ከትውልድ ቦታው ከማንኩሳ ርቆ ሰብለ ወንጌልን ያገኛት የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንባቢው ብዕሩን ይዞ ሲያመነታ፣ ያን ትረካ ጥጥ እየፈተሉ የሰሙት እማማ "ዲማ ነዋ!" ብለው ይገላግሉታል። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ጠባይማ እርሳቸውን የሚያህል ተንታኝ በስብስባችን የለም። በግል ውድድር ቢሆን ኖሮ እኒህ ሴት እጃቸውን አያወጡም ነበር፤ እኛም የሚያውቁትን ሳናውቅ እንለያይ ነበር።

ከሁሉ በላይ ላሳስብ የምፈልገው ግን ጥያቄው ከየት እንደሚመነጭ ነው። በእኛ ዓይነት ስብስብ ጥያቄ መነሣት ያለበት በጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ ነው። አንድ አባላችን በእጁ ጠርዞ ያመጣውን ደብተር ላንሣ። ገበታው እንጨት ነው፤ በላዩ ቀላ ያለ ቆዳ ተለብጦ በጋለ ብረት መስቀልና የጠርዝ መስመር ተደጉሶበታል፤ ከጀርባው በኩል ሲያዩት የስፌቱ ክር ከአንዱ ጥራዝ ወደ ቀጣዩ እየተቆላለፈ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ይህን ደብተር ዳኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከቡድን ወደ ቡድንም እያዘዋወረ ያስዳስሳል፤ ቀጥሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበትና በጠፍሩ ከግድግዳ ላይ የሚንጠለጠልበት የቆዳ ከረጢት ምን ይባላል? ማኅደር። ጸሐፊው በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ቆይቶ ወደ ቀይ ቀለም የሚሻገረው የእነማንን ስም ሲጽፍ ነው? የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን። በገጹ ራስጌ ላይ የሚሳለው ጌጥስ ምን ይባላል? ሐረግ። ከዚያ ወደ ኅትመት ይሻገራል፤ በዚሁ በጣና ዳር ተወልዶ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመው ማን ነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ የዘጌ ሰው። ከሐይቁ ዳር ሆኖ ዘጌን በየቀኑ ማዶ የሚያይ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚነበበውን ደስታ አይቻለሁና፣ ከሩቅ አገር የሚመጣው ጥያቄ ሁለተኛ ቢሆን አይከፋኝም።

ጥያቄ አውጪው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር ብዙ ነው፤ በሚገርም ሁኔታ ጸብ የሚያስነሡት ቀላል የሚመስሉት ጥያቄዎች ናቸው። "ብራና ከየትኛው እንስሳ ቆዳ ይሠራል?" ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ ቡድን ፍየል፣ ሌላው በግ ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም እውነት ስለሆነ ጥያቄው ራሱ መውደቅ አለበት። "በጣና ላይ ስንት ደሴቶች አሉ?" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ 37 ሲባል እንሰማለን፣ ነገር ግን የውኃው ከፍታ በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ደሴት የነበረው ከየብስ ስለሚገናኝ፣ የተገናኘውም ስለሚለይ፣ ዓሣ አስጋሪ ያለበት ቡድን ዳኛውን ሲሞግት ሊያመሽ ይችላል። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቅ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጥያቄው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ 1958 ብሎ የጻፈም 1966 ብሎ የጻፈም ስለ አንድ መጽሐፍ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉና። የአፈወርቅን መጽሐፍ አንዳንዱ "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ አንዳንዱ ደግሞ "ጦቢያ" ይለዋል፤ ሁለቱንም መቀበል ዳኛው አስቀድሞ በመልስ ወረቀቱ ላይ ያስፍር። በሀሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ፣ በእሳቱ ሰ እና በንጉሡ ሠ ምክንያትም የማንም ነጥብ አይቀነስ። የፊደል ሥርዓት መጠበቁን እወዳለሁ፣ እኔም ስጽፍ እጨነቅበታለሁ፤ ይሁን እንጂ ቦታው እዚህ አይደለም።

በዚህ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም ሌላም ነገር አለ። የክብራን ገብርኤል ገዳም በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ጥያቄ አውጪዎች ዓይናቸውን ወደዚያ መጣላቸው አይቀርም። ነገር ግን ወደ ክብራን ሴት አትገባም። ከስብስባችን የሚበዙት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ገብቶ ያየ ብቻ የሚመልሰውን ጥያቄ ማቅረብ ዳኛው ሳያስበው ነጥቡን ለወንዶች ማደል ነው። ሥርዓቱን አክብሮ ጥያቄውን መለወጥ ግን ይቻላል፤ ሴቱም ወንዱም ከሚሳለምበት፣ በዘጌ ካለው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል መነሣት ይበቃል። ያን ሥዕል እያስታወሰች በጨርቅ ላይ የጠለፈች አባል እያለችን ሌላ ፍለጋ መሄድም አያስፈልግም።

ስለ መሰናዶው ብዙ አልልም። ዳኛ፣ ሰዓት ያዥና ጠያቂ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ስልክ ሁሉ በአንድ ቁና ተሰብስቦ ከቡናው አጠገብ ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋ ጨዋታው እንዳይቋረጥ በስክሪን የሚታይ ነገር ባይኖር፣ ሳይመሽም ቢያልቅ ይመረጣል። ዙሩ ከቡናው ጋር ቢሄድ ደግሞ ለሁሉም ይመቻል፤ በአቦል ስለ ዕቃዎቹ አሥር ጥያቄ፣ በቶና ስለ መጻሕፍቱ አሥር፣ በበረካ ደግሞ እንቆቅልሽ። ሲኒ በሚቀዳበት ጊዜ ቡድኖቹ ወረቀት ተለዋውጠው ይተራረማሉ፣ ዳኛውም ይደምራል። በእንቆቅልሹ ዙር ያልመለሰ ቡድን እንደ ወጉ አገር ይስጥ፤ ጎንደርን የተቀበለ ቡድን ጎንደር ላይ ሄዶ ምን ምን እንደበላና ማን ማን እንዳስተናገደው ሲደረድር ተሸናፊውም አብሮ ይስቃል። ነጥብ እኩል የመጣ እንደሆነ ከጠረጴዛው አንድ መሶብ ይነሣና ከመነሻው እስከ አፉ ስንት ዙር እንደተሰፋ ይገመት፤ ሰፊዋ ቆጥራ ቁጥሩን በታሸገ ወረቀት አስቀድማ ለዳኛው ትሰጣለች፣ እርሷ ያለችበት ቡድንም በዚህ ግምት አይካፈልም። በዚህ ጊዜ ብዙ ያነበበው ሁሉ አፉን ይዞ ወደ ስፌት አዋቂዎቹ ሲዞር ማየት፣ አልደብቅም፣ እኔን ያስደስተኛል።

ሽልማትን በተመለከተ በስብስባችን ውስጥ እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር አለ። ያሸነፈው ቡድን ከተደረደረው ዕቃ ቀድሞ ይምረጥ የሚሉ አሉ። እኔ በጽኑ እቃወማለሁ። ልውውጡ የቆመው ሁሉም እኩል ድካም ይዞ መጥቶ እኩል ይወስዳል በሚል መተማመን ላይ ነው፤ ለወራት የተሰፋ ሙዳይ ጥያቄ በመለሰ ሰው ምርጫ ሥር ከወደቀ፣ ሰፊዋ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ የሚያልቀውን ይዛ ትመጣለች፣ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ልውውጡ ቀድሞ ይፈጸም፣ ዕቃው ሁሉ ባለቤት ያግኝ፤ ውድድሩ ከዚያ በኋላ ይጀመር። አንዳንዶች ይህ የፉክክሩን ሙቀት ይቀንሰዋል ይላሉ፤ ምናልባት ይቀንሰው ይሆናል፣ ነገር ግን ለዚያ ሙቀት ሲባል ጠረጴዛው መጎዳት የለበትም። አሸናፊው ቡድን የሚያገኘው ሽልማት የሚቀጥለውን ውድድር ጥያቄዎች የማውጣት መብት ይሁን። ጥያቄ ለማውጣት መጽሐፉን መልሶ ማንበብ፣ የሠሪውን ሰው ቤት ሄዶ መጠየቅ፣ አንዱን መልስ ከሁለት ቦታ ማመሳከር ያስፈልጋልና፣ የማንበቡ ነገር በእውነት የሚመጣው በዚያ በኩል ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በከተማችን አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት የምታስተዳድሩ ወገኖች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውል ክፍል ካላችሁ ለእንዲህ ዓይነት ስብስቦች ብትፈቅዱ፣ ከእኛ የሚፈለገው ጠርጎና ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ መውጣት ነው፤ ቡናውንም እናንተም ትጋበዛላችሁ። ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ፣ በየእትሙ ለአምስት ጥያቄዎች የሚሆን ጠባብ ቦታ ብትሰጡንና መልሱን በቀጣዩ እትም ብታወጡልን፣ በደብረ ማርቆስም በጎንደርም ያሉ አንባብያን በየቤታቸው ቡድን ሠርተው ሊጫወቱበት ይችላሉ። ከተፈቀደልን፣ ጥያቄዎቹን የእያንዳንዱ መልስ ከየትኛው መጽሐፍ በየትኛው ገጽ እንደተገኘ ጽፈን፣ የዕቃዎቹንም ፎቶግራፍ ጨምረን ለዝግጅት ክፍሉ እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስብስቡ አባል፣ ከባሕር ዳር