ለደንበኞቻችን፦ የእሸት ቡና ማጠቢያ አሠራራችን ስለተለወጠበት ምክንያት
ጅማ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

በዘንድሮው የለቀማ ወቅት እሸት ቡናችሁን ይዛችሁ ስትመጡ፣ የቆየው መፈልፈያ ተነሥቶ ከተፈለፈለው ፍሬ ላይ የሚቀረውን ሙጫ ጭምር የሚያላቅቅ ውሃ ቆጣቢ ማሽን ተተክሎ፣ ከጓሮም ቬቲቨር ሣር የበቀለበት የፍሳሽ ማጣሪያ ተዘጋጅቶ ስለምታገኙ፣ ምክንያቱን አስቀድመን ልንገልጽላችሁ ወደድን።

አንዳንዶቻችሁ ወጪው በማጠቢያ ዋጋ ላይ ይጨመር እንደሆነ ጠይቃችኋል። አይጨመርም። በቀድሞው አሠራር ቡናው ሙጫው እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ውስጥ አንድ ቀን፣ ሲበርድም ከዚያ በላይ ስለሚቆይ፣ ማታ የደረሰው እሸት በጆንያ እንዳለ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ በተለቀመበት ቀን ያልተፈለፈለ እሸት ደግሞ መብላላት ስለሚጀምር ጣዕሙም ደረጃውም ይወርዳል። አሁን ቡናው ከማሽኑ እንደወጣ ወደ ማድረቂያ አልጋ ስለሚሄድ ወረፋው ያጥራል፣ የፓምፑም ናፍጣ ይቀንሳል።

ፍሳሹን በተመለከተ፣ ስኳር የበዛበት በመሆኑ ወንዝ ሲገባ ተዋሕስያን ሲያብላሉት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ጉዳቱም ዝናቡ አቁሞ ወንዙ በሚቀንስበት በዚሁ የማጠቢያ ወቅት ይብሳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ባይኖር እንኳ፣ ከታች ከብት የሚያጠጡት ጎረቤቶቻችን በቂ ምክንያት ናቸው።

ሆኖም ማሽን ብቻውን ምርታማነትን አይጨምርም። የንግድ ሥራ ተመራማሪዎቹ ማይክል ፖርተርና ክላስ ቫን ደር ሊንደ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ብክለት ብዙውን ጊዜ ሀብት በአግባቡ ጥቅም ላይ አለመዋሉን የሚያሳይ ብክነት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። በእኛም ጣቢያ ሥራ አስኪያጁ በዋናው ቧንቧ ላይ ቆጣሪ አስገጥመው፣ ለተፈለፈለው እሸት ስንት ሊትር ውሃ እንደወጣ በየምሽቱ ማስመዝገብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ቧንቧ ክፍት ትቶ የሚሄድ ሠራተኛ የለም። ውድ ማሽን ገዝቶ ስለ ውሃው የማይጠይቅ ባለቤት ያተረፈው የባንክ ዕዳ ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ልጣጭም ኮምፖስት እያደረግን ስለሆነ፣ ለማሳችሁ የምትፈልጉ በመዝገብ ክፍል ተመዝግባችሁ በተራ መውሰድ ትችላላችሁ። ማሽኑ ያልበሰለ እሸት በደንብ ስለማይፈለፍል፣ ቀዩን ብቻ ለይታችሁ እንድታቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጣቢያው አስተዳደር