የካኖ ሹም ሽር

ለአዘጋጁ፦

ጋዜጣችሁ ባለፈው ሳምንት ባወጣው ዘገባ፣ የናይጄሪያዋ ካኖ በሁለት አሚሮች መወጠሯን «የሃይማኖትና የጎሳ ሽኩቻ» ብሎታል። ሁለት ዓመት ለሥራ የኖርኩባት ከተማ ናትና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባላንጣዎቹ የአንድ ቤት ልጆች፣ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። የሙሐመዱ ሳኑሲ አያትና የአሚኑ አዶ ባዬሮ አባት ወንድማማቾች ነበሩ። ነገሩ እኛ ሹም ሽር የምንለው ነው፤ ሿሚና ሻሪውም የግዛቱ አገረ ገዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አገረ ገዥው አብዱላሂ ጋንዱጄ የአሚሩን ግዛት አምስት ቦታ ከፈሉት፤ በማርች 2020 ደግሞ ምላሳቸው አላርፍ ያለውን የቀድሞ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሳኑሲን ከዙፋን አውርደው አሚኑን ተኩ። በሜይ 2024 ተከታያቸው አባ ካቢር ዩሱፍ ግዛቱን የከፈለውን ሕግ በምክር ቤት አሽረው ሳኑሲን መለሱ። የተሻሩት አሚኑም አልሄዱም፤ እዚያው ከተማ ሌላ ቤተ መንግሥት ገብተው ተቀመጡ።

ልማዱ የተጀመረው አሁን አይደለም። እንግሊዞች በ1903 ካኖን ሲይዙ አሚር አሊዩን ወደ ሎኮጃ አግዘው ወንድማቸውን አባስን ተኩ። በ1963 ደግሞ የሰሜኑ ክልል መንግሥት የዛሬውን ሳኑሲ አያት፣ ስመ ሞክሼያቸውን፣ ሻረ። አያትም የልጅ ልጅም አንድ ጽዋ!

ዘገባችሁ ጨርሶ ያላነሳው ዱርባርን ነው። በዒድ ፈረሰኞቹ በቡድን በቡድን እየጋለቡ ይመጡና ከአሚሩ ፊት ጥቂት እርምጃ ሲቀር ልጓም ስበው ቀጥ ይላሉ፤ አቧራው ሳይሰክን ጡጫቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ጉግስ እያየሁ ያደግሁት ሰውዬ መጀመሪያ ቀን ወደ ኋላ ሸሽቻለሁ። ዩኔስኮ ይህንን በዓል በዲሴምበር 2024 በቅርስነት መዘገበው። ሦስት ወር ከምናምን ቆይቶ ግን ሁለቱም አሚሮች ለዒድ ፈረስ ሊያሰልፉ ሲዘጋጁ ፖሊስ ግጭት ፈርቶ ሰልፉን ከለከለ።

ጎረቤቴ ቆዳ ሠራተኛ ነበር። ገና ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ለዱርባር ፈረሶች የልጓም ጌጥ በቀይና በአረንጓዴ ቆዳ ይሰፋል፤ የዓመት ገቢው ያ ነው። የዚያን ዓመቱን ለማን እንደሸጠው እንጃ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ