ደብዳቤ ለልጄ፦ አርብ ማታ አራት ሰዓት

ነሐሴ 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ እያመማት ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ያን ቀን ስትደውዪ ድምፅሽ ገና ከሩቁ ይስቅ ነበር። "አባ፣ ሰማህ? ተዉት! አይሠሩትም!" አልሽኝ። ፒኮክ የሚባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን የጠፈሩን ተከታታይ ፊልም፣ አዲሱን ባትልስታር ጋላክቲካ፣ እንደማይገፋበት መሰማቱ ነበር። እኔ ዝም ስል "ምነው፣ ደስ አላለህም?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ወሬ ቀየርኩ። በ2019 ሊሠሩት ነው የተባለ ጊዜም እንዲሁ ነበር ያደረግኩት። ተቃውሞ ልታስፈርሚኝ ላክሽልኝ፤ "እሺ አያለሁ" ብዬ ቀረሁ። ለምን እንዳልፈረምኩ ዛሬ ልንገርሽ። ዓመቶቹን አንቺ በለመድሽው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

አንቺ "ዋናው" የምትዪው በ2003 የጀመረውን ነው። ለእኔ ዋናው ሌላ ነው። እሱን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978፣ እሑድ ማታ። በእኛ መስከረም 7 ቀን 1971 መሆኑ ነው፤ አዲስ ዓመት ከገባ ሳምንቱ። ዋሽንግተን ውስጥ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ሁላችንም ልንማር መጥተን መመለሻ ያጣን ልጆች ነን። ቀን እንማራለን፣ ማታ መኪና ማቆሚያ እንሠራለን። አገር ቤት ቀይ ሽብር ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ማን ይክፈተው ተባብለን እንተያያለን። ኤቢሲ ላይ አዲስ የጠፈር ፊልም ይጀምራል ተባለና ከሰው በተረፈች ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ተቀመጥን።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ግን እኛ ያየነውን ላስታውስሽ። አሥራ ሁለት ዓለማት ከሺህ ዓመት ጦርነት በኋላ ሳይሎኖች ከሚባሉት የማሽን ጠላቶቻቸው ጋር ሰላም ሊፈራረሙ ነው። ሰላሙ ወጥመድ ሆኖ ተገኘ። ከተሞቹ በአንድ ሌሊት ነደዱ። የተረፈው ሰው ያገኘው መርከብ ላይ ተሳፈረ፤ የጭነቱም፣ የመንገደኛውም፣ አሮጌውም። 220 መርከቦች ናቸው። አንዲት የጦር መርከብ ከፊት ሆና፣ ከአያቶቻቸው አፍ ብቻ የሰሟትን ምድር ፍለጋ ጉዞ ጀመሩ።

ከእኛ መካከል አንድ ልጅ ነበር። ወንድሙ ከአዲስ አበባ ወጣ ከተባለ በኋላ ወሬው ጠፍቶበታል። ሌላ ጊዜ እሱ ባለበት ሌላ ሰው አያወራም። ያን ማታ መርከቦቹ ተራ በተራ ሲያልፉ በጣቱ እየቆጠረ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አመሸ።

መሀል ላይ ፊልሙ ተቋረጠ። ጂሚ ካርተር፣ የግብፁ ሳዳትና የእስራኤሉ ቤጊን ዋይት ሀውስ ውስጥ የካምፕ ዴቪድን ስምምነት ሊፈርሙ ነው። አስቢው እንግዲህ፤ በሐሰት ሰላም የሚጀምረው ታሪክ በእውነተኛ የሰላም ፊርማ ተቋረጠ። እኛ ግን ስለ ሰላሙ ማሰብ አልቻልንም። መርከቦቹ የት እንደደረሱ ነበር የጨነቀን። ፊርማው አልቆ ፊልሙ ሲመለስ በረጅሙ ተነፈስን።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ ልንገርሽ። የጦር መርከቧ ሁለተኛ አዛዥ ኮሎኔል ታይ ጥቁር ነበር፤ ቴሪ ካርተር ነው የሠራው። ከአብራሪዎቹ አንዱ ቡመርም ጥቁር ነበር፤ ኸርብ ጄፈርሰን። በ1978 አሜሪካ ውስጥ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቀን በየሥራ ቦታው ስማችንን እንኳን አስተካክሎ የሚጠራን አልነበረም። እሑድ ማታ ግን አንድ ጥቁር መኮንን ቀና ብሎ ቆሞ ለሰው ዘር የቀረችውን መርከብ ያዛል፤ ነጩም ጥቁሩም "እሺ" ብሎ ይታዘዘዋል። የዋናው አዛዥ ስም ደግሞ አዳማ ነው። አንደኛው ጓደኛችን ናዝሬት ያደገ ነበርና ስሙን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይበራ ነበር።

ያ ሁሉ ግን አንድ ዓመት አልሞላውም። 24 ክፍል ታይቶ በኤፕሪል 1979 ተዘጋ። ወጪው ከባድ ነበር፤ ተመልካቹም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየቀነሰ ሄዶ ነበር። በ1980 ጋላክቲካ 1980 ብለው 10 ክፍል ሠሩ። ምድር ደረሱ ተባለ። የአዳማ ልጅ፣ አብራሪው አፖሎ የለም፤ ታይ የለም፤ ጉዞው እንደዚያ ተንከባልሎ አለቀ። እኔና ጓደኞቼ ያንን እንደ መጨረሻ አልቆጠርነውም። ለእኛ መርከቦቹ አሁንም መንገድ ላይ ነበሩ።

ይህን ካልተረዳሽ በ2003 ለምን እንደዚያ እንደሆንን አይገባሽም። የተቆጣነው የሚያምር አሮጌ ዕቃ ነኩብን ብለን አይደለም። ያላለቀ ነገር ነበረን። የምንለው አንድ ቃል ነበር፦ ይቀጥል። እነሱ ደግሞ "እንደ አዲስ እንሠራዋለን" አሉ። እንደ አዲስ ማለት ከዜሮ ማለት ነው፤ የቀድሞው ጉዞ እንዳልነበረ ሆነ ማለት ነው። እኔ ደግሞ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቀድሞው ሁሉ እንዳልነበረ የሚደረግበት አገር ልጅ ነኝ። ነገሩ ቴሌቪዥን ቢሆንም አመመኝ።

ሪቻርድ ሃች የሚባለውን ሰው በጣም የምወደው ለዚህ ነው። አፖሎን የሠራው እሱ ነው። ፊልሙ ከተዘጋ በኋላ ሌላው ሰው ሁሉ ወደየኑሮው ሲሄድ እሱ እንቢ አለ። መጻሕፍት ጻፈ፤ ከአድናቂዎች ጋር እየዞረ ተገናኘ። በ1999 ከራሱ ኪስ ገንዘብ አውጥቶ፣ የድሮ ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ ታሪኩ ቢቀጥል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አጭር ማስተዋወቂያ ሠራ። አድናቂው ቆሞ አጨበጨበለት። ባለቤቶቹ ግን አልተቀበሉትም።

በ2001 ደግሞ ተስፋው እውን ሊሆን ደርሶ ነበር። ብራያን ሲንገርና ቶም ዴሳንቶ ታሪኩን የሚያስቀጥል ሥራ ጀመሩ። ሴፕቴምበር 11 መጣ፤ ሥራው ዘገየ፤ ሲንገር ወደ ሌላ ፊልሙ ሄደ፤ ነገሩ ፈረሰ። እንግዲህ ከደጃፍ ደርሶ ለተመለሰ ሰው ነው ሮናልድ ሙር መጥቶ "እኔ ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ፤ ስታርባክም ሴት ትሆናለች" ያለው። ስታርባክ በድሮው ወንድ አብራሪ ነበር።

አድናቂው ተነሳ። አዲሱን ሊያሳይ ለተነሳው ለሳይ ፋይ ቻናል ደብዳቤ ጎረፈ። "አትዩት፣ አታሳዩት" ተባለ። የድሮው ስታርባክ ዲርክ ቤኔዲክት ራሱ በ2004 ገጸ ባሕሪውን ሴት ማድረጋቸውን የሚኮንን ጽሑፍ አወጣ። አዲሱን አዳማ የሚሠራው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ደግሞ የድሮውን አጥብቃችሁ የምትወዱ ሰዎች ይህንን ባታዩት ይሻላል ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። እኔ ያንን ስሰማ አከበርኩትም፣ ተናደድኩበትም።

እኔም ጻፍኩ፣ ልጄ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ግማሹ ዛሬም የምቆምለት ነው። ኮሎኔል ታይን ለነጭ ተዋናይ ሰጡት፤ ቡመርንም እንደዚሁ ከጥቁር ተዋናይ ወሰዱት። በ1978 የነበሩን ሁለት ጥቁር መኮንኖች በ2003 አልነበሩም። ይህን ጻፍኩ፤ ትክክል ነበርኩ። የተኳቸው ሚካኤል ሆጋንም ግሬስ ፓርክም ጎበዞች መሆናቸውን በኋላ አይቻለሁ። ቢሆንም ቅሬታዬ ቅሬታ ነው።

ሌላውን ግማሽ ግን ስነግርሽ አፍራለሁ። "ስታርባክን ሴት አታድርጉ፤ ሴት ይህንን አትመስልም" ብዬ ጻፍኩ። አንቺ የ13 ዓመት ልጅ ሆነሽ ግድግዳው ማዶ የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ነበር። አዲሷን ስታርባክ ኬቲ ሳክሆፍን አንድ ቀን እንኳን ስትሠራ አላየኋትም። ብዙዎቻችን ሳናያት ጠላናት። ያቺ ልጅ ያኔ ገና ወጣት ነበረች፤ ያን ሁሉ የማታውቀውን ሰው ጥላቻ ተሸክማ ነው ሥራ የገባችው።

ዲሴምበር 8 ቀን 2003 መታየት ሲጀምር "ይህ ቤቴ ውስጥ አይታይም" አልኩ። ታስታውሻለሽ። እናትሽ እንኳን "ለፊልም ነው እንዲህ የምትሆነው?" ብላ ገረማት።

ከዚያ ያ የጃንዋሪ 2005 አርብ መጣ። ታክሲ ነዳሁ፣ በረዶ ሊጥል ነው ስለተባለ ቶሎ ገባሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። አንቺ ጋቢሽን ተከናንበሽ ሶፋው ላይ ነሽ፤ ድምፁን ቀንሰሽዋል። ልቆጣ አፌን ስከፍት አንድ ሽበት ያለው ሰውዬ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ።

"ይህ ሰውዬ እዚህ ምን ያደርጋል?" አልኩሽ።

"ዛሬክ ነው፤ አሸባሪ ነው" አልሽኝ።

"አይደለም። አፖሎ ነው።"

ሪቻርድ ሃች ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ይቀጥል ብሎ የታገለው፣ እንደ አዲስ መሠራቱን ፊት ለፊት የተቃወመው ሰው፣ ተጠርቶ እሺ ብሎ ገብቷል። የሰጡትም ቦታ የዋዛ አልነበረም። ሃያ ዓመት የታሰረ ፖለቲከኛ ሆኖ፣ እስረኞቹ መርከቧን በእጃቸው አድርገው፣ "ምርጫ ይደረግ" ይላል። ፊት ለፊቱ የቆመው አዲሱ አፖሎ ነው። አሮጌው አፖሎና ወጣቱ አፖሎ ስለ ነጻነት ሲከራከሩ አየሁ። ስለ እስር ቤትና ስለ ምርጫ ደግሞ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ብዙ ነገር አለ። እግሬ ከዳኝና አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ጋቢሽን ከፈልሽልኝ።

ከዚያ በኋላ አርብ ማታ አራት ሰዓት የእኛ ሆነ። ታክሲ ለሚነዳ ሰው አርብ ማታ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የሳምንቱ ገቢ ያለው እዚያ ነው። እኔ ግን ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መኪናዬን አቁሜ እገባ ነበር። እናትሽ ሽሮውን ታሞቅልኛለች፤ አንቺ "ያለፈው ሳምንት የት ነበር የቆመው?" ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። አልቆ ስንከራከር አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ተመልሼ ወጥቼ እስኪነጋ እሠራለሁ። ፕሬዝዳንት ሮዝሊን እስረኛዋን ሳይሎን ወደ ጠፈር ያስወጣችበት ጊዜ ያለቀስሽው ትዝ ይልሻል? ጠላት እንኳን ቢሆን ቃል ከተገባለት በኋላ አይገደልም ብለሽ ነበር የተከራከርሽኝ። የ15 ዓመት ልጄ ምን እንደምታስብ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ሶፋ ላይ ነው። ስታርባክን ደግሞ አንቺ ምን ያህል እንደወደድሻት እኔ አልነግርሽም። ፀጉርሽን እንደሷ ያስቆረጥሽ ቀን እናትሽ ስታለቅስ እኔ አልተናገርኩም። የጻፍኩት ደብዳቤ በውስጤ ነበር።

በ2017 ሃች ሲሞት ደውለሽልኝ ሁለታችንም አለቀስን። አንቺ ለዛሬክ፣ እኔ ለአፖሎ።

አሁን ዝም ያልኩበት ምክንያት ይግባሽ። በ2003 የጻፍኩት ደብዳቤ ሰሚ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ እኔም እንዳንቺ ለጓደኞቼ ደውዬ "ተዉት! አይሠሩትም!" እል ነበር። እውነቴን ነው፤ እጨፍር ነበር። ምን እንዳጣሁ ሳላውቅ እጨፍር ነበር። እነዚያን አርቦች ሳላውቃቸው። አንቺን ሳላውቅሽ ማለት ይቻላል።

ተቃወሚ ማለቴ አይደለም፤ አትቃወሚ ማለቴም አይደለም። አዲሱን የያዘው ሳም ኢስሜይል የእናንተን ታሪክ አልደግምም፣ በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ ታሪክ ነው የምሠራው ሲል ሰምቻለሁ። ሠርቶት ቢሆንና ያሳዘነሽ ነገር ቢኖረው ቁጭ ብለሽ ጻፊበት፤ ስለ ኮሎኔል ታይ እኔ እንደጻፍኩት። እኔም አብሬሽ እፈርማለሁ። ግን ገና ማንም ያላየው ነገር ሲቀር እልል ስትዪ ሆዴ ተላወሰ። አንድ የማላውቀው አባት፣ ሥራ ውሎ የገባ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ የቆመ ታየኝ።

ቴሪ ካርተር በዚህ ዓመት ኤፕሪል ላይ በ95 ዓመቱ አረፈ። አልነገርኩሽም፤ ለአንቺ ስሙ እንግዳ ነው ብዬ። ይህም የኔ ጥፋት ነው። ያንቺን ሁሉ አብሬሽ አይቼ የኔን አንድ ቀን አላሳየሁሽም። ላሳይሽ ብዬ በጀመርኩ ቁጥር "አሮጌ ነው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል" ስትዪ ተውኩት።

በሚመጣው ወር አዲስ ዓመትን እኛ ጋ ነሽ ተብሏል። የ1978ቱን ዲቪዲ ከሳጥን አውጥቼ አጽድቼዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ያኔ ከነማስታወቂያው የሦስት ሰዓት ነበር፤ አሁን አጠር ይላል። ቡናውን እናትሽ ታፈላለች። ካርተርና ሳዳት የገቡበት ቦታ ላይ ስንደርስ አቆመውና አሳይሻለሁ።

አባትሽ